አምስተኛው ክንፍ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሐረጎን ጨርሶ፣
ሰማያዊ ሐሩን ጋዜጣ አልብሶ፣
ከሚኒባስ ወርዶ፣ አራዳን አቋርጦ፣
ቆመ ከደጃችን፣ ስንት ደጅ አማርጦ።

ኳንግ ይባላል፤ ኮምቦልቻ ፓርክ ውስጥ
የሽመና መኪና ሲታመም የሚያዳምጥ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ከሀገሩ ርቆ፣
ስድስት የአማርኛ ቃል የሚያውቅ ጠንቅቆ።

ስልኩን ከኪስ አውጥቶ አሳየን አባቱን፤
ከጉልበት ያለፈ ቀሚስ፣ ቀጥ ያለ አንገቱን፣
አምስት ቁልፍ በቀኝ፣ ወደ ብብት ሲወርድ፣
ነጭ ሱሪ ከሥር፤ ቆሟል እንደ ለፍርድ።

አሊጋዝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ጥምጥሙን አየና፣ ቆየ ዝም ብሎ።
"የቄስ ነው የሸህ ነው?" አለኝ ድምፁን ጥሎ።
እኔ ቁልፍ ተካይ፣ ምን ብዬ ልዳኘው?
እንግዳው ቀደመኝ፤ ከስድስቱ ቃላት
አንዱን ከደረቱ እንደ መርፌ ነቅሎ፣
"አባት" አለ።

የቀረውን ስልኩ ውስጥ ያለች ሴት ነገረችን፣
ሳቅም ለቅሶም በሌለው ድምፅ፦
"ልጄ ልትዳር ነው። ፈቃድ ከለከሉ፤
መኪናው ያላንተ አይዞርም አሉ።
በስልክ ነው የምቆም፤ እንደ አባት ልልበስ፣
ሰው ፊት ልጄ እንዳታንስ።"

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ቆጠረ፤
ሁለት ክንፍ ከፊት፣ ሁለት ክንፍ ከኋላ፤
አራቱ ወላጆች ናቸው፣ የራስም የሚስትም።
አምስተኛው ጠባብ ነው። ደረት ሥር ያድራል፣
የላይኛው ክንፍ ይሸፍነዋል፣ ዓይን አያገኘውም።
እሱ ለባሹ ነው።

ጨርቁን ስንለካው አንድ ክንድ ጎደለ።
"አምስተኛውን ብንተወው ማን ያያል?" ብል
አሊጋዝ በሜትሩ ጣቴን ገረፈና፣
"ሰውየውን ከልብሱ አውጥተህ ስታበቃ
ማንን ልታለብስ ነው?" አለኝ።
ሲመሽ ሳጥኑን ከፈተ። ለመውሊድ የሚለብሳትን
ነጭ ጀለቢያ ከሥሯ ሸረፋት፤
ከዚያ ወዲህ ቁርጭምጭሚቱ ይበርደዋል።

አራት ሌሊት ሰፋን። በአምስተኛው ቀን
በራችን ላይ ሰቀልነው፣ ነፋስ እንዲያቃናው።
እማማ ዘምዘም ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ
ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጠርዙን ሳሙት።
"የየትኛው ወልይ ነው?"
"የመካኒክ ነው፣ እማማ።"
"እሱስ ቢሆን" አሉና ደግመው ሳሙት።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ቦርከና ጉም ለብሶ፣
እዚህ ገና ጨለማ፣ እዚያ ፀሐይ ደርሶ፣
ኳንግን አለበስነው በካምፑ ክፍል ውስጥ።
ቁልፎቹን እኔ ቆለፍኩ፣ አንድ በአንድ፣ ትንፋሼን ይዤ።
ጥምጥሙን አሊጋዝ ጠመጠመው በእጁ፣
ግማሹን እንደ ሐይቅ፣ ግማሹን እንደ ዳና።

ስልኩን እኔ ያዝኩ።
"ደረቱ ብቻ ነው!" አሊጋዝ ተቆጣ፤
"ታዲያ የጠርዙ ነገር፣ የኔ ልፋት የት መጣ?
ራቅ በል!"
ራቅሁ። አልጋው፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ ደረጃው፣
የግቢው ጭቃ፣ ቱታ የተሰጣበት ገመድ፤
ኳንግ እያነሰ፣ ልብሱ እየሞላ ሄደ።

በመስታወቷ ውስጥ ቀይ የለበሰች ልጅ
እጅ ነሳች።
እሱም ጎንበስ አለ።
ያኔ ኔትዎርኩ ተንተባተበ፤ ቆመ።
ልጅቱ በግማሽ ፈገግታ ደርቃ ቀረች።

እሱ አላወቀም። እንዳጎነበሰ ነው።
ከሚያውቃቸው ስድስት ቃላት አንዱ "በቃ" ነበር፤
እኔም አላልኩት፣ አሊጋዝም አላለው።